የኮራል ገንዳ ማጣሪያና ዕቃዎች፦ ሲበላሹ ምን እንደሚከተል አስቦ መምረጥ

ኮራል ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር ተክል ይመስላል፤ ግን እንስሳ ነው። አፍ አለው፣ ሆድ አለው፣ ሌሊት ደቃቅ እጆቹን ዘርግቶ በውሃ የሚመጣለትን ምግብ ይይዛል። በሥጋው ውስጥ ደግሞ ዙዛንቴሌ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ አልጌዎችን አስጠግቶ ይኖራል። አልጌዎቹ በብርሃን ስኳር እየሠሩ ከቀለቡ አብዛኛውን ይሸፍኑለታል። አጽሙን የሚገነባው ውሃው ውስጥ ከሟሟው ካልሲየምና ካርቦኔት ነው። ስለዚህ ኮራል ደህና እንዲኖር ብርሃኑ፣ የውሃው እንቅስቃሴ፣ ሙቀቱ፣ ጨዋማነቱና የውሃው ኬሚስትሪ አንድ ላይ መስተካከል አለባቸው።

ከመስተካከላቸውም በላይ ሳይዋዥቁ መቆየታቸው ይበልጣል። ባሕር ከስፋቱ የተነሣ ቶሎ አይለወጥም። 200 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ግን ማታ ደህና የነበረው ጠዋት ሌላ ውሃ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ዕቃ የሚገዙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወዳድሩት ጉልበትን ነው፤ የትኛው ፓምፕ ይበልጥ ይገፋል፣ የትኛው መብራት ይበልጥ ያበራል እያሉ። እኔ ግን ከዚህ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ ባይ ነኝ፦ ይህ ዕቃ ማንም ሳያየው ቢበላሽ ገንዳውን ምን ያደርገዋል? ከዚህ በታች ስለ እያንዳንዱ ዕቃ የምለው ይህን ጥያቄ ይዤ ነው።

ዋናው ማጣሪያ ድንጋዩ ነው

ዓሣ ይበላል፣ ይጸዳዳል፣ በስንጥቦቹም አሞኒያ ያስወጣል። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያዎች አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል፣ ሌሎች ደግሞ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት። ናይትሬት በመጠኑ ከሆነ ጉዳቱ ቀላል ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ውሃው ውስጥ ብዙም አይንሳፈፉም፤ በአብዛኛው በአንድ ነገር ላይ ተለጥፈው ነው የሚኖሩት። በኮራል ገንዳ ውስጥ ቤታቸው ቀዳዳ የበዛበት የባሕር ድንጋይ ነው። የድንጋዩ ቆዳ ኦክስጅን ስለሚያገኝ አሞኒያን የሚሠሩት እዚያ ይሰፍራሉ። ውስጥ ውስጡን ደግሞ ኦክስጅን በማይደርስበት ስፍራ ናይትሬትን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ የሚለውጡ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፣ ጋዙም ወደ አየር ይወጣል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ሊ ቺን ኤንግ የተባለ ኢንዶኔዥያዊ ከባሕር ያመጣውን ሕይወት ያለበት ድንጋይ ገንዳ ውስጥ ከትቶ፣ ከአየር አረፋ በቀር ምንም መሣሪያ ሳይጨምር ኮራል እንዴት እንደሚያኖር የጻፈው በ1961 ነበር። በኋላ የበርሊን አሠራር ተብሎ የታወቀው ዘዴ በዚሁ ላይ ቆሞ ሁለት ነገር ጨመረበት፦ ኃይለኛ መብራትና ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣ ፕሮቲን ስኪመር የሚባል መሣሪያ። ዛሬም አብዛኛው የኮራል ገንዳ መሠረቱ ይኸው ነው።

ድንጋይ ስትመርጡ ክብደቱን ሳይሆን ቀዳዳውን ተመልከቱ። ከባድና ድፍን ድንጋይ ቦታ ይይዛል እንጂ ብዙ ባክቴሪያ አያኖርም። ስትደረድሩትም ከኋላ መስታወቱ ጋር አታጣብቁት፤ በየመሃሉ ውሃ የሚያልፍበት ክፍተት ተዉ። ደረቅ ድንጋይ ከሆነ ባክቴሪያው እስኪሰፍርበት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ትንሽ አሞኒያ እየጨመራችሁ ትለካላችሁ፤ የጨመራችሁት አሞኒያ በአንድ ቀን ውስጥ ጠፍቶ ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆን ገንዳው የመጀመሪያውን ዓሣ ለመቀበል ደርሷል። ከዚያ በፊት የሚገባ እንስሳ ይሠቃያል፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ለመቸኮል የሚበቃ ምክንያት አይታየኝም።

ድንጋይ የሚወደድበት ሌላው ምክንያት ሞተር የሌለው መሆኑ ነው። መብራት ቢጠፋም ውሃው ትንሽ እስከተንቀሳቀሰ ድረስ ሥራውን ይቀጥላል። ውሃ በፓምፕ የሚያልፍበት፣ ክዳኑ የተገጠመ የጣሳ ፊልተር ግን ለሰዓታት ሲቆም ውስጡ ያለው ኦክስጅን ያልቃል፣ ባክቴሪያው ይሞታል፤ ኃይል ሲመለስ ያ የተበላሸ ውሃ በቀጥታ ወደ ገንዳው ይገፋል። ለኮራል ገንዳ የማልመርጠው በዚህ የተነሣ ነው።

ሳምፕና የውሃው መንገድ

ሳምፕ ከዋናው ገንዳ ሥር የሚቀመጥ ሁለተኛ ገንዳ ነው። ውሃው ከላይ ሞልቶ በጥርሳማ ጠርዝ በኩል ወደ መውረጃው ይገባል፣ በቱቦ ወደ ሳምፑ ይወርዳል፣ እዚያ ተጣርቶ በመመለሻ ፓምፕ ወደ ላይ ይወጣል። ጥቅሙ ብዙ ነው፦ የውሃውን መጠን ይጨምራል፣ ማሞቂያውንና ስኪመሩን ከዓይን ይሰውራል፣ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን የቅባት ንብርብርም ይጠርጋል። የመመለሻ ፓምፑ በሰዓት የገንዳውን ውሃ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ቢያዞር ይበቃል። ከዚያ በላይ ማድረጉ ጫጫታና አረፋ ከማብዛት ያለፈ ጥቅም የለውም።

ቤት የሚያጥለቀልቀው ግን ሳምፕ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ።

መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ውሃው ግን ወዲያው አይቆምም። ከጥርሳማው ጠርዝ በላይ ያለው ውሃ ሁሉ መውረዱን ይቀጥላል። የመመለሻው ቱቦ አፍ ከውሃው ገጽ በታች ከሆነ ደግሞ ቱቦው ወደ ኋላ መሳብ ይጀምራል፤ አፉ አየር እስኪያገኝ ድረስ ከላይ ወደ ታች ያወርዳል። ርዝመቱ 120 ሳንቲሜትር፣ ወርዱ 60 ሳንቲሜትር የሆነ ገንዳ ብንወስድ፣ ውሃው በ1 ሳንቲሜትር ሲቀንስ 7.2 ሊትር ወረደ ማለት ነው። የመመለሻው አፍ 5 ሳንቲሜትር ጠልቆ ከሆነ 36 ሊትር ወደ ሳምፑ ይመጣል፤ ቱቦ ውስጥ ያለው ሳይቆጠር። ሳምፑ ለዚህ የሚሆን ባዶ ቦታ ከሌለው ወለሉ ላይ ይፈሳል።

ብዙ ሰው በቱቦው ላይ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ አስገጥሞ ይተማመናል። እኔ አልተማመንበትም። ኖራና ጨው ይጋግርበታል፣ ትንሽ ቀንድ አውጣም ትሰነቀርበታለች፤ ክዳኑ በደንብ ሳይገጥም ሲቀር ምንም ምልክት አይሰጥም። ከቱቦው አፍ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ከውሃው ገጽ ሥር፣ ትንሽ ቀዳዳ መብሳትም የተለመደ ነው፤ ውሃው ትንሽ ሲወርድ ቀዳዳው አየር ያስገባና ስበቱ ይቋረጣል። ይህም በአልጌ ይደፈናል። አስተማማኙ መንገድ አፉን ወደ ውሃው ገጽ በጣም ማስጠጋትና ሳምፑ የሚወርደውን ሁሉ እንዲችል አድርጎ መሙላት ነው። ዓሣም ኮራልም ከመግባቱ በፊት ገንዳውን ሙሉና ፓምፑን አስነሡ፤ ከዚያ ሶኬቱን ንቀሉና ውሃው እስኪረጋ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ሳምፑ ጠርዙ ሳይደርስ ከቆመ፣ ፓምፑ ሲሠራ የሚታየውን የውሃ ከፍታ በማይጠፋ ቀለም አስምሩበት። ከዚያ መስመር በላይ መቼም አትሙሉ።

ተቃራኒው አደጋም አለ። ፓምፑ እየሠራ መውረጃው ቢደፈንስ? ያኔ ሳምፑ ይጎድላል፣ ላይኛው ገንዳ ይሞላል። ለዚህ ሁለት መከላከያ አለ። አንደኛው ከዋናው መውረጃ ጎን ከፍ ብሎ የሚቆም፣ ሁልጊዜ ባዶ የሆነ ሁለተኛ ቱቦ ነው። ሁለተኛው የሳምፑ አከፋፈል ነው፦ ፓምፑ ያለበት የመጨረሻው ክፍል ትንሽ ይሁን። ፓምፑ ወደ ላይ መግፋት የሚችለው እዚያ ክፍል ውስጥ ያለውን ውሃ ብቻ ስለሆነ፣ ክፍሉ 15 ሊትር ከያዘና ላይኛው ገንዳ 15 ሊትር የሚችል ትርፍ ጠርዝ ካለው፣ መውረጃው ሙሉ በሙሉ ቢደፈንም አንዲት ጠብታ ወለል አይነካም።

ውሃው ሳምፑ ሲደርስ በመጀመሪያ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ደቃቅ ጨርቅ የሆነ የማጣሪያ ካልሲ ነው። ጉድፍን በደንብ ይይዛል፤ ግን የያዘው ጉድፍ ከውሃው አልወጣም፣ እዚያው ይበሰብሳል። በ3 ወይም በ4 ቀን የማትቀይሩት ከሆነ ባይኖር ይሻላል።

ስኪመር

ፕሮቲን ስኪመር ቆሻሻን ገና ሳይበሰብስ የሚያወጣ ብቸኛው የተለመደ መሣሪያ ነው። የዓሣ ኩስና የምግብ ትራፊ ሲሟሙ ከሚወጡት ሞለኪውሎች ብዙዎቹ አንድ ጫፋቸው ውሃን ይወዳል፣ ሌላው ጫፋቸው ይሸሻል። ውሃ የሚሸሸው ጫፍ አየር ካገኘ ይጣበቅበታል። ስኪመሩ ይህንኑ ነው የሚጠቀምበት። ፓምፑ አየርና ውሃ አንድ ላይ ይስብና አየሩን ፈጭቶ እንደ ወተት ነጭ እስኪመስል ድረስ ደቃቅ አረፋ ያደርገዋል። አረፋው በሲሊንደሩ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲወጣ ሞለኪውሎቹ በዙሪያው ይለጠፋሉ። አንገቱ ጋ ሲደርስ ውሃው እየተንጠፈጠፈ ወደ ታች ይመለሳል፣ ወፍራሙ አረፋ ግን ወደ ላይኛው ኩባያ ይፈሳል። ኩባያው ውስጥ የሚጠራቀመው ቡናማ፣ አንዳንዴም ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ ክፉ ሽታ ያለው ፈሳሽ ነው። ያንን ያየ ሰው ስኪመር ያስፈልጋል ወይ ብሎ አይጠይቅም። በዚያ ላይ ይህ ሁሉ አየር ከውሃው ጋር ሲደባለቅ ኦክስጅን ይጨምራል፣ ለጠቅላላው ገንዳ ትንፋሽ ይሰጣል።

አዲስ ስኪመር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዝም ይላል ወይም እንደ እብድ ያስተፋል። ከፋብሪካ የመጣው ቅባት እስኪለቅ ድረስ ነው፤ በየሰዓቱ ቫልቩን አትነካኩ። የሚሠራው በተወሰነ የውሃ ጥልቀት ስለሆነ ሳምፑ ውስጥ ከፍታው በማይለዋወጥ ክፍል አስቀምጡት፤ ጥልቀቱ መመሪያው ላይ ተጽፏል። አንገቱን ቢያንስ በሳምንት አንዴ ጥረጉ፣ የተጋገረ ቅባት አረፋው እንዳይወጣ ይሰብረዋልና። አምራቾች ሳጥኑ ላይ የሚጽፉት የሊትር መጠን ጥቂት ዓሣ ላለው ገንዳ ነው፤ ዓሣ የምታበዙ ከሆነ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ውሰዱ። ከ100 ሊትር በታች ለሆነ፣ ዓሣው ለሚቆጠር ገንዳ ግን በየሳምንቱ 10 በመቶ ውሃ መቀየር የስኪመርን ሥራ ሊተካ ይችላል።

አክቲቭ ካርቦን ውሃው ላይ የሚመጣውን ቢጫነትና ለስላሳ ኮራሎች እርስ በርስ ለመጎዳዳት የሚለቁትን ኬሚካል ይይዛል፤ በየወሩ ገደማ ይቀየራል። ፎስፌት የሚይዘው የብረት ኦክሳይድ ጥራጥሬ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፎስፌት ሲበዛ አልጌ ይወራል፣ ጨርሶ ሲጠፋ ደግሞ ኮራሉ ይራባል፣ ዳይኖፍላጀሌት የሚባል ቡናማ ንፍጥ የመሰለ ነገርም ቦታ ያገኛል። ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1፣ ናይትሬት ከ2 እስከ 10 ሚሊግራም በሊትር ቢሆን መልካም ነው። ዜሮ ላይ ለመድረስ አትልፉ።

ውሃው ራሱ

የቧንቧ ውሃ በቀጥታ አይገባም። ለሰው ጤና ምንም የማያደርግ ጥቂት መዳብ አከርካሪ የሌላቸውን እንስሳት ይገድላል፤ ክሎሪን፣ ፎስፌትና ናይትሬትም አብረው ይመጣሉ። ስለዚህ በሪቨርስ ኦስሞሲስ (በጣም ደቃቅ ወንፊት በመሰለ ስስ ሽፋን) አልፎ፣ የቀረውን የሟሟ ነገር በሚይዝ ዲአዮናይዘር የተጣራ፣ የሟሙ ነገሮችን የሚለካው መሣሪያ ዜሮ የሚያሳይበት ውሃ ያስፈልጋል። በዚህ ውሃ ላይ የባሕር ጨው በሌላ ዕቃ ተበጥብጦ፣ ሙሉ በሙሉ ከሟሟ በኋላ ወደ ገንዳው ይገባል። ግቡ 35 ግራም በኪሎ ግራም የሆነ ጨዋማነት ነው፤ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ1.026 ልዩ ጥግግት ጋር ይመጣጠናል። ሪፍራክቶሜትራችሁን፣ ማለትም የጨዋማነት መለኪያችሁን፣ በንጹሕ ውሃ ብቻ ሳይሆን 35 በሆነ መፈተሻ ፈሳሽ አስተካክሉት፤ ዜሮ ላይ ትክክል የሆነ መሣሪያ 35 ላይ ሊሳሳት ይችላል።

ውሃ ይተናል፣ ጨው አይተንም። 200 ሊትር ካለው ገንዳ በቀን 4 ሊትር ቢተን ጨዋማነቱ በአንድ ቀን ከ35 ወደ 35.7 ይወጣል። 5 ቀን ሳይሞላ ቢቆይ 39 ገደማ ይደርሳል። መሙላት ያለበት ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው። ይህን ሥራ በየቀኑ በእጅ መሥራት ስለሚያስቸግር ከፍታ እያየ የሚሞላ አውቶማቲክ መሣሪያ እንዲኖር እመክራለሁ፤ ከመብራትም በፊት የሚገዛ ዕቃ ነው። ዳሳሹ በቀንድ አውጣ ተሸፍኖ ወይም ተጣብቆ መሙላቱን ባያቆምስ? ከ20 ሊትር መያዣ የሚስብ ከሆነ ጨዋማነቱ ወደ 32 ይወርዳል፤ ከ10 ሊትር መያዣ ከሆነ ግን ከ33 በታች አይሄድም። ትንሽ መያዣ ማለት ትንሽ ጥፋት ማለት ነው። ያ 10 ወይም 20 ሊትር፣ ሳምፑ ውስጥ ባዶ ከተውነው ቦታ ጋር አብሮ መታሰቡም አይረሳ።

ሙቀት፣ እንቅስቃሴ፣ ብርሃን

ሙቀቱ 25 ወይም 26 ዲግሪ ላይ ይርጋ። ማሞቂያ ሲበላሽ መጥፎው ነገር መቆሙ አይደለም፤ በርቶ መቅረቱ ነው። ውስጡ ያለው ማብሪያ ይጣበቅና ገንዳውን ያበስለዋል። ባሕር ላይ እንኳ ሙቀቱ ከበጋው ጣሪያ በ1 ዲግሪ ከፍ ብሎ ለሳምንታት ሲቆይ ኮራል አልጌዎቹን አስወጥቶ ይነጣል። ስለዚህ 200 ዋት የሆነ አንድ ማሞቂያ ከምትገዙ ሁለት ባለ 100 ዋት ግዙ። አንዱ በርቶ ቢቀር ብቻውን ገንዳውን ለማፍላት አቅም ያንሰዋል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይደግፋል። ሁለቱም በተለየ የሙቀት መቆጣጠሪያ በኩል ይለፉ።

የመመለሻ ፓምፑ ብቻውን ለኮራል የሚበቃ እንቅስቃሴ አይሰጥም። ለዚህ ገንዳው ውስጥ የሚለጠፉ የሞገድ ፓምፖች አሉ። ለጠንካራ አጽም ኮራሎች አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ከገንዳው ውሃ ከ20 እስከ 40 እጥፍ ይታሰባል፤ ለለስላሳዎቹ ያነሰ። ከቁጥሩ ይልቅ ኮራሉን ተመልከቱ። እጆቹ ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዙ ከሆነ ደህና ነው። ወደ አንድ ጎን ተለጥፈው ከቀሩ ወይም ሥጋው ከአጽሙ ላይ ከተገፈፈ ፓምፑ በቀጥታ እየመታው ነው። ድንጋዩ ሥር ጉድፍ የሚቆለልበት ጥግ ካለም ውሃ አይደርሰውም ማለት ነው።

መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው፤ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ገንዘብ ጠባብ ከሆነ ማሞቂያ የሚያንቀሳቅስ ትልቅ ባትሪ ሳይሆን አንድ የሞገድ ፓምፕ ወይም በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ የሚያቆይ ትንሽ ባትሪ ግዙ። የብዙ ገንዳ ሕይወት ያተረፈው ይኸው ነው። የኤሌክትሪክ ገመዶች ሁሉ ከሶኬቱ በፊት ወደ ታች ተጎንብሰው ይምጡ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ውሃ እዚያ ይንጠባጠባል። መስመሩም ኃይል ወደ መሬት ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር ይኑረው። ጨው ውሃ ኤሌክትሪክን በደንብ ያስተላልፋልና ይህ ለድርድር አይቀርብም።

የብርሃን መጠን ለኮራል የሚለካው ፓር በሚባል፣ አልጌዎች ምግብ ለመሥራት የሚጠቀሙበትን ብርሃን በሚያሳይ መለኪያ ነው። ለለስላሳ ኮራሎች ከ50 እስከ 150፣ እንደ አክሮፖራ ላሉት ጠንካራ አጽም ኮራሎች ከ200 እስከ 350 ይበቃል። አልጌዎቹ በጣም የሚጠቀሙት ሰማያዊውን ብርሃን ስለሆነ የኮራል ኤልኢዲዎች ወደ ሰማያዊ ያደላሉ። ጀማሪ ብርሃን አነሰ ብሎ ከሚያጣው ይልቅ አብዝቶ የሚያቃጥለው ኮራል ይበዛል። አዲስ ኮራል ታች ይቀመጥ፣ መብራቱ በዝቅተኛ ኃይል ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ይጨመር፣ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይብራ።

በመጨረሻ የሚመጣው ዕቃ

ኮራሎቹ ጥቂት እስከሆኑ ድረስ የምትቀይሩት ውሃ ካልሲየሙንና አልካላይኒቲውን (ኮራሉ ለአጽሙ የሚወስደውን ካርቦኔት የሚያሳየውን፣ በዲኬኤች የሚለካውን መጠን) ይተካል። ሲያድጉ ግን ከሚተካው በላይ ይበላሉ። ለማወቅ አልካላይኒቲውን ለተከታታይ ቀናት በተመሳሳይ ሰዓት ለኩ፤ በየቀኑ የሚወርደው የገንዳችሁ ፍጆታ ነው። ኮራል 2.8 ዲኬኤች አልካላይኒቲ ሲጠቀም ወደ 20 ሚሊግራም በሊትር ካልሲየም አብሮ ይወስዳል፤ አንዱን ካወቃችሁ ሌላውን መገመት ትችላላችሁ። አልካላይኒቲው 8 ወይም 9 ዲኬኤች፣ ካልሲየሙ 420፣ ማግኒዚየሙ 1300 ሚሊግራም በሊትር አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። አልካላይኒቲን በአንድ ቀን ከ1 ዲኬኤች በላይ ከፍ አታድርጉ።

ካልሲየሙንና አልካላይኒቲውን በሁለት ፈሳሽ ጠብታ በጠብታ የሚጨምር ትንሽ ፓምፕ አለ። ሁለቱ ፈሳሾች ከተገናኙ ነጭ ዱቄት ሆነው ስለሚዘቅጡ በተለያየ ሰዓት፣ ውሃው በሚገፋበት የተለያየ ቦታ ይግቡ። ፓምፑ ሳያቆም ቢቀር የሚያፈሰው ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ነው፤ ስለዚህ የወር ፈሳሽ አንድ ላይ አትሙሉለት፣ የጥቂት ቀናት ብቻ ስጡት። የጠርሙሱንም ጎን በየቀኑ ፍጆታ ልክ አስምሩበት፤ ፈሳሹ ከመስመሩ ቀድሞ ከወረደ ወይም ወደ ኋላ ከቀረ ኮራሉ ሳይጎዳ በፊት ታውቃላችሁ።